ጀርባውን ቅረጽልኝ

"እብነ በረድ ይሁን" አለ ከንቲባችን፤
"ስሜ ከግርጌው ይስፈር፣
ከላዩ ደግሞ ፊት፣ የሙታኖቻችን።"
ማኖይ ኢሲድሮ ዝም ብሎ መሮውን በጣቱ ዳሰሰ፤
"እብነ በረድ" አለ፣ "ከእኛ ጋራ መቼ አለቀሰ?
ያን ሌሊት አልነበረም፤ ጣሪያችን ሲነቀል አላየ፤
የነበረ ይመስክር፤ እንጨቱ ነው አብሮን የቆየ።"

ወረድን ወደ ባሕሩ ዳር፣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤
ማዕበል የጣለው ጀልባ ተጋድሟል ከኮኮነቱ ጥላ፣
ወገቡ የተሰበረ፣ ሆዱን ለሰማይ የሰጠ፣
ክንፉ የተገነጠለ፣ ስሙ ከጎኑ የተላጠ።
ሳንቃ ሳንቃውን ሰበሰብን፣ ምስማሩን በጉጠት ነቀልን፤
ሳማር ደሴት ላይ ያን ዓመት እንጨት ሳይሆን አጥንት ለቀምን።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬ ቀለም መበጥበጥ።
"ከሱቅ አትግዛ" ይለኛል፤ "ከጀልባው ጎን ነው የሚላጥ።
ይህ ሰማያዊ፣ እየው፣ ሃያ ዓመት ፀሐይ ጠጥቷል፤
የቆርቆሮው ግን ትናንት ተወልዶ ዛሬ ይጮኻል።"
ሌላም ይል ነበር፣ መሮውን በድንጋይ እየሳለ፦
"ጥበብ የእኔ እጅ ብቻ ከሆነማ፣ ልጄ፣ ከሰለ።
አንድ ጥግ ሳትነካ ተው፤ የሚሳሳት ሰው ይምጣበት፤
ስህተት የሌለው ሥራ ቤት ነው ሰው የማይኖርበት።"
የጎረቤት ልጅ ሊላይ ለዓሣው እግር ሣለችለት፤
ልደመስስ ስነሣ እጄን ያዘኝ፦ "ተው፣ ይሂድበት።"

ቅዳሜ ማታ፣ ጣሪያው በሄደው የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣
መንደሩ ተሰበሰበ፣ ፊት ሊያስታውስ፣ ፊት ሊቀዳ።
ፎቶግራፍ? ሁሉን ውሃ አጥቦት ሆኗል ነጭ ወረቀት፤
"አፍንጫው ሰልካካ ነው!" "ኧረ ጎራዳ!" ሆነ ሙግት፤
ወንድም ከወንድም ተጋጨ በአባቱ ቅንድብ ምክንያት፤
የሞተው ሰው በየአፉ ሞተ ደግሞ ሌላ ሞት።

ከዚያ ማናይ ፔርፔቱዋ፣ ዓሣ ስታደርቅ የምትውል፣
ተነሣች፤ ድምጿ ጨው የበላው ገመድ፣ ሊበጠስ ሊበጠስ ሲል፦
"እኔ ፊቱን አላውቀውም።"
                    ሜዳው ጸጥ አለ።
"ሠላሳ ዓመት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ከአጠገቤ፣
በር ላይ ቆሜ የማየው ጀርባውን ነው፤ በልቤ
ያለው እሱ ነው። መረቡ በትከሻው፣ እግሩ በአሸዋ፤
ዞሮ አያይም፤ ገድ ይሰብራል ይላል።
ሲመለስ መሽቷል፣ መብራት የለም፤ ፊቱን ማን አየው ደኅና?
ጀርባውን ቅረጽልኝ፤ እሱን አውቀዋለሁና።"

ለጥቂት ማንም አልተነፈሰ። ከዚያ አንዱ፦ "የአባቴ አንገት፣
ታዝዬ ነው ያደግሁበት፤ ከጠጉሩ ሥር ጥቁር ምልክት።"
ሌላዋ፦ "እህቴ ስትሄድ ጠጉሯ ቀሚሷን ያረጥበው ነበር።"
ኢሲድሮ አንድም አልጻፈ፤ ዓይኑን ጨፍኗል፣ እንደ ተዘጋ በር።

አሥራ ዘጠኝ ጀርባ ቆመ፣ ወደ ባሕሩ ዞሮ።
ከንቲባው ሊመርቅ መጣ፣ ክራባቱን አስሮ፤
ግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ ከአሥራ ዘጠኙ አንዱም አልዞረለት።
ሕፃናቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ኋላ ግን አዘንኩለት፤
ከግራ ሦስተኛዋ እናቱ ነበረች።

እንግዳ ይመጣል፤ "ፊታቸው የታል?" ብሎ ይጠይቃል፤
"ውሃው ውስጥ ግባና እየው" እንላለን፤ ይገባል።
እስከ ጉልበቱ ርሶ ሲዞር፣ ያልተጠረበ ሳንቃ፣
የምስማር ቀዳዳና ጨው፤ ሌላ የለም፣ በቃ።

ምስጥ ይበላቸዋል። በየኅዳሩ ቀለም እንቀባለን፤
"የማይጠገን ነገር ሰው አይፈልግም" ይል ነበር፤ አሁን እኛ እንላለን።

ያኔ ግን ማናይ ፔርፔቱዋ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ገና፣
መጥታ አየችው፣ ዞረችው፣ በከንፈሯ ጠቆመችና፦
"ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ መረቡ ይከብደው ነበር።"
ኢሲድሮ መሮውን አነሣ። ሁለቴ መታ። ሦስተኛውን በቀስታ።
እጇን ትከሻው ላይ አኖረች፤ ሰማያዊው መዳፏን ቀባ።
"አሁን" አለች፣
"ይሂድ።"